የሐጃ ራሂማ የውሃ ማፍያ

መስከረም 22
ዛሬም ሻዩ ላይ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። የኤሌክትሪክ ማፍያውን ክዳን ከፍቼ አየሁት። ታቹ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሏል። ላጥበው ስል አማቴ ሐጃ ራሂማ ከጓዳ ብቅ አሉ።
"ተይው አንች። ዘምዘም አፍልቸበታለሁ። በረካ ነው።"
ከመካ ያመጡት ዘምዘም እኮ በሐምሌ አልቋል። አንዴ ነው የፈላበት። ይሄ የሰፈራችን የሆጤ ቧንቧ ውሃ የጣለው ጨው ነው... ለማን ይነገራል? የአራት ወር ልጄ የሀምዱ የጡጦ ውሃም የሚፈላው እዚሁ ነው።

መስከረም 23
ሻዬን አልጠጣሁም። እያዩኝ ደፋሁት። እንዲገባቸው።

መስከረም 25
እሑድ። ባሌ ሙዓዝ ከኮምቦልቻ መጣ። ፋብሪካ ውስጥ በስንት ሰው ላይ ይጮሃል አሉ፤ እናቱ ፊት ግን አፉ ይታሰራል።
"በሎሚ አንዴ ቢፈላ እኮ ይለቃል፤ ንገራቸው" አልኩት።
"እማን አታስቀይሚያት። ደግሞ ጨው ሰው አይገድልም።"
የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አይገድልም፣ ልክ ነው። ግን ያስጠላል። "በቆሻሻ ልጄን አላሳድግም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከመጋረጃው ወዲያ እንዳሉ አውቃለሁ። ይስሙ።

መስከረም 27
የሙዓዝ እህት ጣይባ ከቢስቲማ መጣች። ማር ይዛ፣ ምክር ይዛ። ምክሩ ይበዛል። "እኔ ቤት ሁሉ ነገር በበረኪና ነው የሚጸዳው" ትላለች። ምግቧንም ታጥበው ይሆን? እንደዚህ የሚያወራ ሰው እንዴት አይደክመውም... ነገ በጠዋት ትሄዳለች፤ ተመስገን።

መስከረም 28
ጠዋት ስነሳ ሐጃ የሀምዱን ጡጦ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ልሰጠው አፉ ጋ ሳደርስ ሸተተኝ። በረኪና። ማፍያውን ከፈትኩት፤ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሁሉንም ደፋሁት።
ጣይባ ጋ ደውዬ ወረድኩባት።
"ወላሂ አልነካሁም።"
"ወላሂሽን ለራስሽ ያዥው" ብዬ ዘጋሁባት። ያቺ ደንቆሮ ልጄን ልትገድልብኝ ነበር።
ሐጃ አንድ ቃል አልተናገሩም። መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ዋሉ። ለልጃቸው ሲያዳሉ ነዋ።

መስከረም 29
ከአስር ሶላት በኋላ ጠሩኝ።
"ጣይባን አትንኪያት። እኔ ነኝ።"
ቀና ብዬ አየኋቸው።
"ሻይሽን ስትደፊ አየሁ። ቆሻሻ ስትይም ሰማሁ... ጣይባ በረኪና ያነጣል ስትል ጊዜ፣ በረካውም ይቅር፣ አትጠየፈን ብዬ ማፍያውን ሌሊቱን ዘፈዘፍኩት። አለቅልቄው ነበር። የወጣ መሰለኝ። አፉ በይኝ ልጄ።"
አፉ በሉኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልወጣልኝም። "አብሽሩ" ብቻ አልኩ። አለቀሱ። አፈርኩ።

ጥቅምት 1
አብረን አጸዳነው። መጀመሪያ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት። በረኪናና ሎሚ ከተገናኙ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። የሚገርመው በረኪናው የጨው ቅርፊቱን ንክች አላደረገውም። ከዚያ ሎሚ ጨምቄ፣ ውሃ ጨምሬ አፈላሁ፤ ከሶኬቱ ነቅዬ እስኪበርድ ተውኩት። በሽቦ ሳልፈትግ፣ ሶኬት የሚገባበትን ሳላረጥብ፣ በጨርቅ ጠራረግሁት። ባዶ ውሃ እያፈላሁም ደፋሁ።
ሐጃ በርጩማ ላይ ሆነው ያያሉ። "ይሄን ያህል ቀላል ኖሯል?" አሉ። አዎ፣ ቀላል ነበር። አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ተቀምጬ አላስረዳኋቸውም።

ጥቅምት 4
ጣይባ ጋ ደወልኩ። "አፉ በይኝ" አልኳት። "እሺ" ብላ ዘጋችው። አልፈርድባትም።
ማፍያው ያበራል። ሻዩ ጠርቷል። ሐጃ ግን አይነኩትም፤ ሻይ ሲያምራቸው እኔን ይጠብቃሉ።
ከሰዓት ልብስ ሳጥብ ሀምዱ አለቀሰ። ድሮ ከእኔ ቀድመው ያነሱት ነበር። ዛሬ አልጋው አጠገብ ቆመው፣ መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ።
"በሳሙና ታጥቤያለሁ። ልቀፈው?"
በገዛ ቤታቸው... የልጃቸውን ልጅ።