የባሕር ቀንና የባሌ ሙት ዓመት

ለኤጉምባ ወረዳ ክቡር አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዲበረታ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ የቢሮዎ ማራገቢያም መብራት ሳይጠፋበት እንዲዞር እመኛለሁ። ኤኩዋ በንትሲዋ እባላለሁ፤ በዓሣ ማውረጃው ዳርቻ ዓሣ አጭሼ የምሸጥ ሴት ነኝ። በዚህ ካላወቁኝ፣ አምና የባሕር ቀን ሲከበር የሰጠመው የኤኮው ሚስት ነኝ።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ምስጋና ይገባዎታል። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት እኛ ስለ ቀን ያለን እውቀት ትንሽ ነበር፤ ልጅ ሲወለድልን በተወለደበት ዕለት ስም እንጠራዋለን፣ ከዚያ አናልፍም። እርስዎ ግን በገበያው በር ላይ ሰሌዳ አቁመው፣ ዛሬ የእጅ መታጠብ ቀን እንደሆነ፣ ዛሬ የግራኞች ቀን እንደሆነ፣ ዛሬ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዘፋኝ እንደተወለደ፣ ዛሬ ደግሞ በማናውቀው አገር አንድ ንጉሥ ከዙፋኑ እንደወረደ በየማለዳው አሳወቁን። የፈገግታ ቀን የዋለ ዕለት ዘበኛዎ ያልሳቀ አላስገባም ብሎ በሩን ዘግቶብን ነበር። ጎረቤቴ አራባ፣ «ዓሣዬ ሲሸጥልኝ እስቅልሃለሁ፤ አሁን ዞር በል» ብላው ገባች እንጂ ያን ዕለት ጉዳችን ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

፩ኛ፣ ማክሰኞን ይመለከታል። በእኛ ዳርቻ ማክሰኞ ወደ ባሕር አይወጣም፤ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው ይባላል። የባህል ጉዳይ ኃላፊዎ አቶ ኦቱ ይህ ኋላ ቀር እምነት እንደሆነ በስብሰባ ላይ አስተምረውናል፤ እኔም ባሕሩ ማክሰኞ ማረፍ ይፈልግ እንደሆነ ከቢሮዎ ጋር ልከራከር አልተነሣሁም። የማውቀው ማክሰኞ ጀልባ የሚጠገንበት ቀን መሆኑን ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ሸራ ላይ ይዘረጋል፤ በጣውላው ስፌት መካከል ያለው አሮጌ ጥጥ ወጥቶ አዲስ ይጠቀጠቅበታል፤ በላዩ የተቀባው ሬንጅ ሲደርቅ ያድራል። የባሕር ቀን ማክሰኞ ላይ መዋሉ ሲሰማ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናና ክዌጊር ቢሮዎ ድረስ መጥተው፣ በዓሉ ወደ ረቡዕ እንዲዛወር ለመኑ። አቶ ኦቱም ቀኑ የዓለም እንደሆነ፣ ለኤጉምባ ተብሎ እንደማይዛወር አስረዷቸው። ሽማግሌው ሲወጡ በር ላይ ቆመን ለምንጠብቃቸው፣ «ዓለም የሚሉት ሰውዬ ጀልባ የለውም መሰል» ብለውን አለፉ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በበዓሉ የጀልባ ሰልፍ ላይ ያልታየ ጀልባ መንግሥት በድጎማ የሚሰጠውን ነዳጅ እንደማያገኝ በድምፅ ማጉያ ተነገረን፤ ያን ጊዜ ሁላችንም የባሕር ቀን ወዳጆች ሆንን።

፪ኛ፣ ለበዓሉ ስለመጡት ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ጃኬቶች ነው። ጃኬቶቹ ፎቶው እንዲያምር ዳርቻው ላይ በተተከለው ድንኳን ሥር ለተቀመጡት እንግዶች ታደሉ። በዕለቱ ከድንኳኑ አንድም ሰው ስላልሰጠመ ለአዘጋጆቹ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

ኤኮው ለሰልፉ ከመውጣቱ በፊት ያን ማለዳ ሬንጅ የተቀባውን ስፌት በጣቱ ሲነካው፣ ሬንጁ ጣቱ ላይ ሲቀርና ሱሪው ላይ ሲጠርገው አይቻለሁ። ይቅርብህ አልኩት። «ማዕበሉን አልፈን መዞር ነው፤ ምድጃሽ ሳይግል እደርሳለሁ» አለኝ። ማዕበሉን አለፉ። ሲዞሩ ጀልባዋ ጎኗን ለውኃው ሰጠች፤ ስፌቱም ተከፈተ። ሌሎቹን ሰዎች በአጠገባቸው የነበሩት ጀልባዎች ለቀሟቸው። እሱን ግን አላገኙትም፤ እስካሁንም አልተገኘም። ለበዓሉ የመጣው የማርሽ ባንድ ጥቂት ቆይቶ አቆመ፤ የጀመሩትን ዜማ ሳይጨርሱ ማቆም ነውር ሆኖባቸው ይመስለኛል።

፫ኛ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ጥቁር እንደምትለብስ፣ በሙት ዓመቱ ዕለትም መቃብሩ አጠገብ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ እንደምትለብስ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የኤኮው መቃብር የት እንደሆነም ያውቃሉ። ስለዚህ የጠየቅሁት ዳርቻውን ነበር፤ አንድ ማለዳ ብቻ፣ ከጥቂት ሴቶች ጋር፣ ያለ ከበሮ። ቢሮዎ ማኅተም በተመታበት ወረቀት እንዲህ መለሰልኝ፦ «በተጠቀሰው ዕለት ዳርቻው ለባሕር ቀን የተያዘ በመሆኑ፣ የሐዘን ሥርዓትዎን ወደ ሌላ አመቺ ቀን እንዲያዛውሩ በትሕትና እንጠይቃለን።»

ክቡር ሆይ፣ ቀን ሊዛወር እንደሚችል ከቢሮዎ የሰማሁት በዚያ ወረቀት ነው። ትምህርቱ ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ፤ አምና ደርሶን ቢሆን ደግሞ ይበልጥ አመሰግን ነበር። ምክርዎን ንቄ እንዳይመስልብኝ ለአማቴ አነበብኩላት። ጆሮዋ ስለደከመ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ፣ «ልጄ የሞተው ያን ዕለት ነው፤ ለአመቺ ቀን የሚሆን ልቅሶ የለኝም» ብላኝ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔም ሞክሬው ነበር። ከዚያ ዕለት በፊት ያሉትን ቀኖች ባስብ፣ ኤኮው መረቡን ይዞ በሕይወት አለ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ባስብ፣ ሁሉም ባዶ ናቸው። የሞተበትን ሌላ ቀን ፈልጌ አላገኘሁም።

ስለዚህ የባሕር ቀን በሚከበርበት ማለዳ ዳርቻው ላይ እገኛለሁ። ድንኳኑ ካልተተከለ በአሸዋው ላይ፣ ከተተከለም በድንኳኑ መካከል ቆሜ ጥቁሬን አወልቃለሁ። ፊታቸውን ማዞር የሚፈልጉ እንግዶች ካሉ ወደ ባሕሩ ቢያዞሩ መልካም ነው፤ የመጡት ለእሱ ነውና። ባንዱም ስለ እኔ ብሎ ዜማውን እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።

ትሕትናዎን ከነማኅተሙ በአክብሮት የተቀበልኩ፣ ያዘዙኝን ግን ለመፈጸም አቅም ያጣሁ፣ ለሹመትዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ኤኩዋ በንትሲዋ፣ የኤኮው ሚስት
ከኤጉምባ ዓሣ ማውረጃ

ማስታወሻ፦ ቀን መቁጠሪያ ተመለከትኩ። ዘንድሮ የባሕር ቀን የሚውለው ረቡዕ ነው። ጀልባዎቹ ተጠግነው፣ ሬንጃቸው ደርቆ ያድራል፤ ማንም አይሰጥምብዎትምና በሰላም ያክብሩ። ዓለም ራሷ በዓሉን በአንድ ቀን ገፋችው፤ አምና እኛም የለመንነው ይህንኑ ነበር።