ስለ ፍሬኑ የተናገርኩት

የእህቴ ልጅ፣

ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ። ግቢ ያቆምከውን ስኩተር እንዳትነዳው።

ለሱቃችሁ አዲሱን ስኩተር ሞክርልኝ ስትለኝ ጉልበቴን እያመመኝ ዳገቱን ወጥቼ ወረድኩልህ። ስመለስ ስልክህን ደቅነህ እየቀረጽህ «እሺ ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አልከኝ። እኔ ሳላመሰግን አልነቅፍም፤ ያደግሁት እንዲያ ነው። መቀመጫው ይመቻል፣ ድምፅ የለውም፣ ጠባብ መንገድ ላይ እንደ ልብ ይታጠፋል አልኩ። ቀጥዬ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው፣ ሳይስተካከል ለሰው እንዳትሸጡት አልኩህ። ራስህን እየነቀነቅህ ሰማኸኝ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አዲስ ስኩተር እየገፋች መጣች።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ምስክርነት ገዛሁት! ከእንግዲህ የታክሲ ሰልፍ ደህና ሰንብት!»

አንተ ያሰራጨኸውን ቪዲዮ በስልኳ አሳየችኝ። ምስጋናዬ አለ። ስለ ፍሬኑ ያልኩትን ቆርጠህ ጥለኸዋል። የሴትየዋ ሥራ ቦታ ቁልቁለቱ ግርጌ መሆኑን ደግሞ አንተም ታውቃለህ።

ባዕድ ቢያደርገው ባልከፋኝ።

እሷ ስኩተሯን እየገፋች፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ ወደ ሱቃችሁ ሄደናል። ያስቀረኸውን ለአለቃህም፣ እዚያ ላገኘሁት ገዢም እናገራለሁ። እንጀራህ መሆኑን አልረሳሁም። በሰው ፊት ላሳጣህም አልወድም ነበር።

መጀመሪያ ለአንተ ልነግርህ እስክትመጣ ልጠብቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ግን ታባብለኛለህ፤ እኔም ዓይንህን ካየሁ እሺ እላለሁ። ለዚህ ነው ሳትመጣብኝ የወጣሁት።