አዴ ቦንቱ ያጋደሙት ሲንቄ

ሰኞ፣ ሻኪሶ

እስካቫተሩ ዛሬም ቆሞ ዋለ። ናፍጣ አለ፣ ሾፌር አለ፣ አፈሩም ተቆልሏል። ወርቅ የተቆፈረባቸውን ትንንሾቹን ጉድጓዶች ደፍነን ጨርሰናል። የቀረው ትልቁ ነው፤ አፉ ላይ ሲንቄ ተጋድሟል። ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘው በትር ነው፤ ካጋደመችው ማንም አይሻገረውም።

ያጋደሙት አዴ ቦንቱ ናቸው። ባለፈው ዝናብ ልጃቸው እዚሁ ሲቆፍር አፈር ተንዶበት ሞተ። ቆፋሪዎች ተመልሰው ሲገቡ ቢያዩ አጋድመውት ሄዱ። ቆፋሪዎቹ ወጡ። ሾፌራችን ጉዮም ከማሽኑ ወረደ! ማንሳት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሴት ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ወደራ ከተማ ናቸው።

ማክሰኞ

ጉዮን ለመንኩት። ስልክ ከእጁ የማይለይ የከተማ ልጅ ነው፤ ለዚህ ግድ አለው አላልኩም። “እናቴ ትሰማለች” አለኝ፣ አበቃ። ከጎን ሆነህ ሙላው ስለው፣ ከላዩ አፈር ማፍሰስ ከመሻገር ይብሳል አለ። አናደደኝ። ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ማሽኑ ቅዳሜ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዝናብ ደግሞ ሲንቄ አያውቅም፤ ጠርዙን ይንደዋል።

ረቡዕ

ወደራ ዱቄት የሚነግደው ወዳጄ ሐሰን ፈልጎ አገኛቸው። ልጅቷ አልወለደችም፣ ጥያት አልመጣም ብለዋል። ሌላ ሰው እንዲያነሳው ይፍቀዱ ብንል፣ በስልክ አይነሳም አሉ። ምን ይባላል? እኔም ብሆን አልመጣም።

ሐሙስ

ደመና። የመንደሩ ሴቶች በተደፈነው ላይ የሣር ዘር ሲዘሩ ዋሉ። ቆፋሪዎቹ ግራር ሥር ተቀምጠው ያዩናል። አንዱ መጥቶ ማሽኑ መቼ እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ነገ ወዲያ መሆኑን እያወቅኩ አላውቅም አልኩት። ጉድጓዱ ሳይደፈን ከቀረ ተመልሰው ይገባሉ፤ አንድ ሌላ እናት ታለቅሳለች።

ዓርብ

ወንድ ልጅ ተወለደ! አዴ ቦንቱ ከሰዓት በአይሱዙ ደረሱ። አካም፣ ናጋ ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። እንኳን ማርያም ማረቻት የሚለው ከአፌ አመለጠኝ፤ እሳቸው የእኔን ማርያም ምን ያውቋታል፣ ሳቁብኝ።

ሲንቄውን አነሱ። ጉዮ ሞተሩን ሲያስነሳ በእጃቸው አስቆሙት።

“ልጄን ያወጡት ከዚያ ጥግ ነው” አሉት። “ከዚያ ጀምር።”

ከዚያ ጀመረ። ሲመሽ ሜዳ ሆነ። እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው አላለቀሱም።

ቅዳሜ

ሌሊት ዘነበ። መሃሉ ትንሽ ሰርጎ ውሃ ቋጥሯል። ማሽኑ ሄዷል፤ በአካፋ እንሞላዋለን። ግራሩ ሥር ማንም የለም። የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም።

አዴ ቦንቱ ወደ ወደራ ሲመለሱ መንገዳቸውን በተደፈነው ጉድጓድ ላይ አደረጉ። ጭቃውን እየረገጡ መሃል ለመሃል አቋረጡት። እኔ ልሸኛቸው ስከተል በጠርዙ ዞሬ ሄድኩ።