ሁለት ቀይ መስመር ስላለበትና በበሩ ሹም ሣጥን ውስጥ ስለሚኖረው ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ባላምባራስ ወልደአረጋይ፣ ከአሊዩ አምባ ሽቅብ ወደ አንኮበር ለሚወጣው መንገድ የበር ሹም።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ከብትዎ፣ ከማለዳ እስከ ማታ የሚቀመጡባት ያቺ የታደለች ወንበር ሳትቀር እንደምን ሰነበቱ? እኔ የቄስ ገብረ ሕይወት ልጅ ወለተሐና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ። የቀረው ነገሬ ደህና ይሁን አይሁን እርስዎ ዘንድ ተቆልፎበታልና ከእኔ ይልቅ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ይህን ደብዳቤ አላሸግሁትም፤ ታሽጎ ቢደርስ የማን ነው ተብሎ እንዳይታሰር ፈርቼ ነው። ዛሬ ከሚካኤል ቅዳሴ ሲወጣ ለደጀ ሰላሙ ሰው አነብበዋለሁ፤ ነገ ዓርብ ደግሞ በገበያው ዋርካ ሥር ይነበባል። እጄ አባቴ መዝሙረ ዳዊት ያስደገሙት እጅ እንጂ የጸሐፊ እጅ አይደለምና ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ እኔም እርስዎን ስታገሥ ይኸው ሃምሳ ቀን አለፈኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልናገር። እኔና የአሊዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ሰባት ዓመት ሽርካ ነበርን። እኔ ከደጋው ሰምና ቆዳ እሰበስባለሁ፣ እሱ ግመል ያዘጋጃል፣ ባሌ ገብረአብና የእሱ የበኩር ልጅ ሰላሀዲን ወደ ባሕር ይዘው ይወርዳሉ። በየጭነቱ ላይ ሁለት ቀይ መስመር እናሰምራለን፤ አንዱ የእኔ ቤት፣ አንዱ የእሱ ቤት። ሁለቱ ሰዎቻችን በጥቅምት ወረዱ። በጥር እኔና ዓወል በአንዲት በቅሎ የጀርባ ቁስል ተጣላን፤ ማን አብዝቶ እንደጫናት እስከ ዛሬ አጥርታ የምታውቀው በቅሎዋ ብቻ ናት። ሽርክናውን አፈረስን፤ ግመሉን፣ ሚዛኑን፣ ያረጀውን ገመድ ሳይቀር ተካፈልን። ምልክቱን ግን ማን ይውሰድ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሲራራ ነጋዴ ከበረሃ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ወሬ ነው፦ ከሁለቱ ሰዎቻችን አንዱ በንዳድ ሞቶ በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀብሯል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ለነጋዴው የነገረው ሰው አላወቀም። ሁለተኛው በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የተረፈው ሰው ከቀብሩ በኋላ ልኮት ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ደብዳቤ ነው። ስም የለበትም፤ ሁለት ቀይ መስመር ብቻ ነው ያለበት። በበርዎ ሲያልፍ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ አላለፈም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ የሞኝ ጩኸት ከፍ አድርገው ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን አልደብቅም። የዚያን ዕለት በሩ ላይ ቆሜ፣ ደብዳቤው የቤቴ ነው፣ ለዚያ ሰው እንዳይሰጥ ብዬ የጮኽሁት እኔ ነኝ። ዓወልም ሲደርስ ያንኑ ጮኸ። የተናደዱ ሰዎች ጩኸት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ተዉ ቢለን በዚያው በቆምንበት ያበቃ ነበር። እርስዎ ግን ከእኔ አንድ ማሰሮ ማር፣ ከእሱ አንድ ሙክት ተቀብለው የወግ ሙግት አደረጉልን።

፪ኛ፤ ስለ ፍርድዎ ረቂቅነት አመሰግናለሁ። ሽርክናው ፈርሷል፣ ስለዚህ ባለ ሁለት መስመሩ ቤት የለም፣ የሌለ ቤት ደግሞ ደብዳቤ አይቀበልም አሉ። ፍትሐ ነገሥት ሲያገላብጡ ያረጁት አጎቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ከአድናቆት የተነሣ ይመስለኛል።

፫ኛ፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ቁራኛው ነው። ባለፈው ሰኞ፣ ነገሩ እስኪለይ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ይዋሉ ብለው አዘዙ። ባሏ መንገድ የወጣ ሴት ከሌላ ወንድ ጋር መቋጠሯ ነውር ነው ተብለው ቢለመኑ፣ በዓወል ፈንታ ሚስቱን አሲያን ቋጠሩልኝ፤ የሰላሀዲንን እናት። ሦስት ቀን ሙሉ ዳገት ወጣን፣ ቁልቁለት ወረድን። እሷ ልትሰግድ ስትቆም እኔ አጠገቧ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እሷ ከቅጥሩ ውጭ ነጠላውን አላልታ ትጠብቀኛለች። እኔ የሰኔን ጾም፣ እሷ ረመዳንን ይዘናል። የእኔ ጾም በዘጠኝ ሰዓት ቢፈታም ጦሟን ከዋለች ሴት አጠገብ ማላመጥ አሳፈረኝና ፀሐይ እስክትጠልቅ አብሬያት ቆየሁ። አንቺ ሴትዮ፣ ሳይቋጥሩን በፊት እንዲህ ደግ ነበርሽ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ከጥር ወዲህ ከዚያ ቤት የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነው።

፬ኛ፤ ትናንት እኔ፣ አሲያና ዓወል በአንድነት መጥተን ታርቀናል፣ ሙግቱን ትተናል፣ ደብዳቤውን ለሦስታችን ባንድ ላይ ይስጡን ብለን ደጅዎ ላይ ወደቅን። እርስዎም፣ የተጀመረ ሙግት ያለ ምስክር አይዘጋም፤ ለማን እንደላከው የሚያውቅ የላከው ሰው ነውና የላከውን ሰው ምስክር አድርጋችሁ አምጡ አሉን። ክቡር ሆይ፣ ዓወል ጠንካራ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ደጅዎ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

እስቲ አሁን ደግሞ ያለ ምስጋና አንድ ነገር ልንገርዎ። ገብረአብ የሚያውቀው የእኛን ፊደል ብቻ ነው። ሰላሀዲን የሚጽፈው በዓረብኛ ነው። የሰሙን ጨርቅ ከጥጉ በጥፍርዎ ብድግ ቢያደርጉት የጻፈው ማን እንደሆነ፣ በሕይወት ያለው ማን እንደሆነ ይታያል። ይህን ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም፤ ማንበብ የማይመቸው ሹምም ይችለዋል።

የንስሐ አባቴ፣ ገብረአብን ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ከሙታን እያሉ በየሰንበቱ ይጠይቁኛል። ማክሰኞ ዳገቱ ላይ አረፍ ስንል አሲያ በየትኛው ፊደል ይሆን አለችኝ። የእኛ ፊደል ይሁን ብል ልጅሽ ይሙት ማለቴ ነው። እሷም ይህን አውቃ ፊቷን ወደ ቆላው አዞረች። ከዚያ በፊት በየማለዳው የምጸልየው ጸሎት ነበረኝ፤ ከማክሰኞ ወዲህ እሱን መጸለይ አልቻልሁም።

ነገ በሩ ሲከፈት ሦስታችንም እዚያ ነን። ጥቅሉ ሲፈታ ከእኔና ከአሲያ አንዳችን እልል ማለት ይገባን ነበር። ያቺ ሴት ማንኛችንም ብትሆን አትልም፤ ከሌላዋ ጎን ተቀምጣ ታለቅሳለች። በዚህ ተማምነናል። የቀረን የትኛዋ ለየትኛዋ እንደምታለቅስ ማወቅ ነው።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ቁልፍዎን አያዝገው፣ ዕድሜዎን ከሙግታችን ያስረዝምልዎ እያልሁ፣ ሚስት ልባል ወይም መበለት ፈቃድዎን የምጠብቅ፣ ወለተሐና ገብረ ሕይወት። በሰኔ ፲፪ ቀን በ፲፰፻፸፯ ዓመተ ምሕረት በአንኮበር ተጻፈ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ወልደተንሣኤ ከመስከረም በኋላ ከሲራራው ጋር ወደ ባሕር እንደሚወርድ ሰማሁ። በሰላም ደርሶ ይመለስ፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ከእርስዎ የተፋታችው እናቱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት እቤቴ ድረስ መጥታ፣ ልጄ የጻፈው በዚያ በር ሲያልፍ ለእኔ ይደርሰኝ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።