የአያታችን አረንጓዴ ጥለት

አቃቂ፣ ኅዳር 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ድሬዳዋ ላለኸው ወንድም ጋሼ ዘአማኑኤል፤

ሰላምታዬ ከባቡሩ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ጋዜጣውን ግን «ድምፅሽ ያምራል» እያሉ እኔን ያስነብቡኛል።

እሁድ ዕለት የጣቢያው ሰዎች አንድ ፈረንሳዊ ወደ ቤታችን ላኩ። አያቱ ሐዲዱ ሲዘረጋ እዚህ ያነሱትን የመስታወት ፎቶ በጥጥ ጠቅልሎ ይዟል። እንዲሁ ሲያዩት ጥቁር ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሱት ግን፣ ምን ልበልህ! ግድግዳችን ላይ በጥቁርና ነጭ የምናውቃት የአባባ እናት ከነሙሉ ቀለሟ ጣቢያው ደጃፍ ቆማለች። ዛሬ ፋብሪካ የቆመበት ሜዳ ሁሉ አደይ ለብሷል። የጉንጯ ወዝ፣ የነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት፣ ትናንት የተነሳች ነው የምትመስለው። ጥለቷ ቀይ ነው እያልክ ከአባባ ጋር ስትከራከር ኖረህ፣ ይኸው ተረታህ!

አባባም መስታወቱን ተቀብለው፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ ወደ ቁምሳጥኑ አዙረው ብዙ ተመለከቱት።

«አላልኳችሁም? አረንጓዴ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

እንግዳው ዞር ብሎ አየኝ። እኔም «እውነትዎን ነው፣ አባባ» አልኩ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን እባክህ ለገና አድርገው። ስትመጣም ፀሐይ ሳትጠልቅ ግባ፤ አባባ ፊትህን ደህና አድርገው እንዲያዩት።

እስክንተያይ አምላክ ይጠብቅህ።

እህትህ መሰለች