ለእማዬ ያልነገርኳት ዝናብ

ይድረስ ለእህቴ ለራቢዓ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ካንቺ ናፍቆት በቀር እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሸዋ ሮቢት ዝናብ ከራቃት ሁለት ወር አለፈ፤ ማሾው ሳያብብ ጠወለገ።

አንቺ ትምህርትሽን ትተሽ ዐረብ አገር ሄደሽ እኔን አስተማርሽኝ፤ ይኸው ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ሬዲዮው የእናንተን አካባቢ ጦርነት ስለሚያወራ፣ ተማሪዎቼ የኒውክሌር ቦምብ ደመና ለምን እንጉዳይ እንደሚመስል ጠየቁኝ። እቤት መልሱን ጮክ ብዬ ስለማመድ እማዬ የአምናውን ማሾ እየለቀመች ትሰማኛለች።

«የጋለው አየር አፈሩን እየሳበ ሽቅብ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ እንደ ጥላ ይዘረጋል፤ አንዳንዴም ዝናብ ያወርዳል» ስል እጇን ከሰፌዱ አነሳች።

«ይዘንባል?»

«ይዘንባል፣ እማዬ።»

«አልሐምዱሊላህ! ዝናብ ራሕመት ነው። ራቢዓ ያለችበትም በረሃ ይርጠብላት!»

ያ ዝናብ ጥቁር እንደሆነ፣ መርዙን ይዞ እንደሚወርድ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ሲፈካ አይቼ መልሼ ዘጋሁት። አንቺ ባትሄጂ ኖሮ እኔም ይህን አላውቅም ነበር።

እማዬ በየሶላቱ ዱዓ ታደርግልሻለች። አላህ ካንቺ ጋር ይሁን። እዚያ ድንገት ዝናብ ከመጣ፣ እህትዓለም፣ እንደ ልጅነታችን አፍሽን ወደ ሰማይ ከፍተሽ እንዳትወጪ።

እህትሽ ነኢማ