ስማቸውን ያጡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብልቃጦች

ለክቡር የነፍሳት ሙዚየማችን ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና በቅርቡ የተለወጠው ምንጣፍዎ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ምድር ቤት ያለው የእጭ ክፍል ሠራተኛዎ፣ ንዴት ካልገደለኝ በቀር ደህና ነኝ። ቀደም ብዬ የላክሁልዎት ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ዓይንዎን ደክሞዎት ይሆናል በሚል ስጋት፣ ይህን አራተኛውን አገር በሙሉ እንዲያነብልዎ በጋዜጣ አውጥቼዋለሁ።

1. አስቀድሜ ስለ ጽዳቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለሁ፣ በትእዛዝዎ የተቋቋመው የማስዋብ ኮሚቴ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ብልቃጦች ከፍቶ፣ በየእጩ አጠገብ አልኮል ውስጥ የተቀመጠችውን ቢጫ የስም ወረቀት በወረንጦ እያወጣ፣ መስታወቱን ወልውሎ መልሶ ከድኖታል። ወረቀቶቹን ግን አልጣላቸውም፤ ኧረ ምን ሲደረግ! አድርቆ፣ በፊደል ተራ ደርድሮ፣ በሚያምር ክላሰር አስቀምጦልኛል። የትኛው ስም ከየትኛው ብልቃጥ እንደወጣ ብቻ የትም አልጻፈም። እንዲህ ያለ ሥርዓታማ ጥፋት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

2. በስብሰባ ላይ «ትሉን አይቶ ስሙን መልሶ መጻፍ ነው» ብለዋል አሉ። ወይ ጉድ! ክቡርነትዎ፣ እኛ እጭ የምንለውን ሊቃውንቱ ላርቫ ይሉታል፤ ቃሉ የላቲን ነው። ሮማውያን የሙት መንፈስንና አስፈሪ ጭምብልን እንዲህ ይሉ ነበር፤ በጥንት ኮሜዲዎቻቸውም አንድ ትልቅ ሰው የማይሆን ነገር ሲሠራ «ላርቫ ይዞታል» እየተባለ ተመልካች ይስቅበት ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነፍሳትን የሚሰይሙ ሊቃውንት ቃሉን ለእጭ ሰጡት፤ እውነተኛ መልኩን ከጭምብል ጀርባ ደብቋል ብለው። እጭን ፊቱን አይቶ ማን እንደሆነ መናገር የሚችለው ስንቱ ነው? ጭምብሉን የምታወልቅልን ያች ቢጫ ወረቀት ነበረች። ሮማውያን ይህን ኮሚቴ ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር ለእርስዎ ፍርድ ትቼዋለሁ።

3. እነዚያን ስሞች ያገኙት ጡረታ የወጡት አስተማሪዬ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ብልቃጥ እንላቸዋለን። ከአንድ ቅጠል ላይ ከለቀሟቸው ወንድማማች እጮች አንዱን አልኮል ውስጥ ከትተው፣ ሌላውን ክንፍ አውጥቶ ማንነቱ እስኪታወቅ ድረስ በገዛ እጃቸው እያበሉ አሳደጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት! ባለፈው ሳምንት ለምኜ አመጣኋቸው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሱ ሠላሳ ስምንቱን ለዩልኝ። ከዚያ ዓይናቸው እምቢ እንዳላቸው ነገሩኝና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም።

4. ኮሚቴው ቀጥሎ ወደ ጥንዚዛዎቹ እንደሚዘምት ሰምቻለሁ። ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ይባላልና፣ እባክዎ ኮሚቴውን በቤትዎ ያሉትን ብርጭቆዎች እንዲወለውል ይላኩልን። እጮቹን የምናሳድግበትን፣ የሻይ ክፍል ያደረጉብንን የማርቢያ ክፍልም ይመልሱልን፤ እትዬ በሕይወት ሳሉ፣ ዓይናቸው ባያይም አፋቸው እየነገረን፣ አንድ ብለን እንጀምር።

ለውበት ያለዎትን ፍቅር ሳላደንቅ የማላድር፣ የስም መለያዬም እስከ ዛሬ ከደረቴ ላይ ያልተነቀለ፣

ታዛዥ የእጭ ክፍል ሠራተኛዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት አንድ ገበሬ ማሳውን እየጨረሰበት ያለውን ትል በጣሳ ይዞ መጣ፤ ምን እንደሆነና በምን እንደሚያጠፋው እንድነግረው ለመነኝ። የትሉ ወንድም ከብልቃጦቻችን በአንዱ አለ፤ ስሙም ክላሰሩ ውስጥ አለ። ሁለቱን ማገናኘት ስላልቻልኩ ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ከነጎረቤቶቹ፣ ከነጣሳዎቻቸው፣ ቢሮዎ በር ላይ ያገኙታል፤ ማሳው እስከ ሰኞ ከቆየለት ማለቴ ነው።